ሃያ ጣሳ ጤና አዳም

አክስቴ ወደ ቤታችን የመጣች ዕለት የአልጋዬን ግማሽ ወሰደች። ውሸቴን ነው፤ የራሷ አልጋ ነበራት። የወሰደችው የክፍሌን ግማሽና መስኮቴን በሙሉ ነው። ከቤታችን መስኮቶች ሁሉ ፀሐይ በደንብ የሚገባበት እሱ ብቻ ነው። እሷ ደግሞ ከአዲስ አበባ በመሀረብ ጫፍ ቋጥራ ያመጣችው የጤና አዳም ዘር ፀሐይ ይፈልግ ነበር። እኔም ፀሐይ እፈልግ ነበር፤ ግን እኔን የጠየቀኝ የለም።

የምንኖረው አሜሪካ፣ ሴንት ፖል ከተማ፣ ፍሮግታውን የሚባል ሰፈር ነው፤ ከዩኒቨርሲቲ አቬኑ ሁለት ብሎክ ገባ ብሎ። ባቡሩ ሲያልፍ ደወሉ ወጥ ቤት ድረስ ይሰማል። አክስቴ የእናቴ ታላቅ ናት። እናቴ "እትዬ" ትላታለች፤ እኔ "አክስቴ"። አንድ ነርሲንግ ሆም፣ የአረጋውያን መጦሪያ፣ ውስጥ ጽዳት ስትሠራ ቆየችና ወገቧ እምቢ ሲላት ሥራውን ትታ እቤት ተቀመጠች። "ተቀመጠች" ብዬ ጻፍኩ እንጂ ተቀምጣ አይቻት አላውቅም። ሳህን ታጥባለች፤ እናቴ ያጠበችውን ደግማ ታጥባለች። ጉልበቱ ላይ የተቀደደውን ጂንሴን ብርሃን ላይ ዘርግታ "ይሄ ሱሪ ነው ወንፊት?" ትላለች። የምታጥበው ሲያልቅባት ፊቷ ይጠቁራል። አንድ ቀን እናቴን "እህቴ ቤት እንግዳ እንደሆንኩ ልሙት?" ስትላት ሰምቻለሁ።

ከእንግድነት የምታወጣት አንዲት መንገድ አገኘች። ዩኒቨርሲቲ አቬኑ ላይ ጤፍና በርበሬ፣ የስልክ ካርድና ነጠላ የሚሸጥ የሐበሻ ሱቅ አለ። ባለቤቱ "ጤና አዳም የሚመጣልኝ ደርቆ ነው፤ ሽታው መንገድ ላይ ያልቃል" አላት። "በየጣሳው የተተከለ፣ ሕይወት ያለው ሃያ አምጪልኝ። ካማረልሽ ያ የመስኮት መደርደሪያ ያንቺ ነው። ራስሽ ቁጭ ብለሽ ትሸጫለሽ።"

መደርደሪያውን በሲባጎ ለካችው። ሁለቱን ጫፍ ቋጥራ እቤት አመጣችና ወለሉ ላይ ዘርግታ ባዶ የቲማቲም ጣሳ ደረደረችበት። ሃያ ጣሳ በሁለት ረድፍ ልክክ አለ። ከዚያን ቀን ጀምሮ ሲባጎው ትራሷ ሥር ያድር ነበር። ቁጭ ብላ ስትሸጥ የምትለብሰውን ሹራብ ሳይቀር መርጣ ሰቅላዋለች፤ በእኔ ቁም ሣጥን፣ በእኔ ማንጠልጠያ።

ፊደል ያስተማረችኝ እሷ ናት። ይህን መካድ አልችልም፤ እዚህ ያለው ሁሉ የእሷ ሥራ ነው ማለት ይቻላል። አስረኛ ክፍል ሳለሁ፣ ስኖው ደረጃችንን በዋጠበት ወር፣ እግሯን ወደ ሂተሩ ዘርግታ "ነይ ፈረንጇ፣ ሀ በይ" አለችኝ። ስሳሳት በእርሳሱ ጀርባ ጣቴን መታ ታደርጋለች። አያምም ነበር፤ ያናድዳል እንጂ። በሁለት ወር ማንበብ ቻልኩ። ያ ደስታ እንዴት ብዬ እንደምገልጸው አላውቅም። በየሱቁ በር ላይ ሲያዩኝ የኖሩት ጽሑፎች ሁሉ አንድ ቀን በድንገት አፍ አወጡ። የበርበሬ ከረጢት ሳይቀር አነብ ነበር፤ ባቡር ላይ ጮክ ብዬ።

በሦስተኛው ወር የመጀመሪያ ገጼን ጻፍኩ። ስለ እሷ እጅ ነበር። ነጭ ሽንኩርት ስትልጥ ቢላ አትይዝም፤ በአውራ ጣቷ ጫን አድርጋ ልጣጩን እንደ ካልሲ ታወልቀዋለች። የጣቶቿ ቆዳ በረኪና በልቶት የብራና ወረቀት ይመስላል። ይህን ጻፍኩ። ጥሩ ገጽ ነበር፤ አሁንም ጥሩ ነበር እላለሁ። ደብተሬን ለእርማት ሰጠኋት።

እሁድ ከቤተ ክርስቲያን መልስ አራት የእናቴ ጓደኞች ሳሎን ተቀምጠው ሳለ ደብተሬን ይዛ ወጣች።

"ስሙማ፣ ደራሲ አለችን" አለች።

አነበበችው። በራሷ ድምፅ ግን አይደለም፤ በእኔ ድምፅ። አፍንጫዋን ይዛ፣ ጥን፣ ጭን፣ እኔ ማለት የማልችለውን ሁሉ እያላላች።

"የአክስቴ እጅ ነች ሽንኩርት ሲልት ቢላ አይዝም..."

"ሲልጥ?" አለች አንደኛዋ እንግዳ፣ ሳቋ ሻዩን እያስተፋት።

"ወንድ አደረገችኝ እኮ! ጢም ላብቅል እንዴ? ቆይ፣ ቆይ፣ ገና ነው፤ ቆዳዬ ብራና ነው ትላለች። ዳዊት ሊጻፍብኝ ነው!"

ሳቁ ቤቱን ሞላው። እናቴም በነጠላዋ አፏን ሸፍና ትስቅ ነበር። እኔ የሻይ ትሪ ይዤ በሩ ላይ ቆሜ ነበር። አላለቀስኩም። ደብተሩን ስትመልስልኝ "ምን ታኮርፊያለሽ? ለጨዋታ ነው" አለችኝ። ገጹ ላይ አንድም እርማት አልነበረም።

ከዚያ ቀን ጀምሮ የሆነ ነገር እጠብቅ ነበር። ምን እንደምጠብቅ ግን እስከ ሰኔ ድረስ አላወቅኩም።

የብስባሹን ነገር እቤት ያስገባሁት እኔ ነኝ። በዚያው ዓመት መጀመሪያ፣ ቅጠል ሲረግፍ፣ የባዮሎጂ አስተማሪያችን ከትምህርት ቤቱ ጀርባ ኮምፖስት አሠርታን ነበር። አንድ ንብርብር እርጥብ፣ ልጣጩ ቅጠላ ቅጠሉ፤ አንድ ንብርብር ደረቅ፣ የረገፈ ቅጠልና የተቀደደ ወረቀት። ይሞቃል፣ ይበስላል፣ ከዚያ ይቀዘቅዛል። በእጅ ሲይዙት ቀዝቃዛ እስኪሆን፣ ዝናብ እንደዘነበበት መሬት እስኪሸት ድረስ አይነካም። ከዚያም ቢሆን ተነፍቶ፣ አንዱ እጅ ከሦስት እጅ ቀለል ያለ አፈር ጋር ተደባልቆ ነው ዕቃ ውስጥ የሚገባው፤ ብቻውን ሥር ያቃጥላል፣ ውኃም አላስወጣ ይላል። ይህን ሁሉ አንድ ቀን ወጥ ቤት ውስጥ ለእናቴ በእንግሊዝኛ እየነገርኳት ሳለ አክስቴ ጣልቃ ገባች።

"ምን ትላለች? ተርጉሚልኝ።"

"ምግብ አፈር ይሆናል፣ በአፈሩ ደግሞ ይተከላል ነው የምትለው" አለቻት እናቴ።

"እንጀራም?"

"እንጀራም" አልኩ።

አክስቴ እጇን ከውኃው አወጣች። በእኛ ቤት እንጀራ ቆሻሻ ውስጥ አይጣልም። እህል መጣል ኃጢአት ነው። ደህናው ትራፊ ድርቆሽ ይሆናል፤ የሻገተው ግን አይበላም፣ አይጣልም፣ ስለዚህ በፌስታል ታስሮ ፍሪዘር ውስጥ ይቀመጣል። ፍሪዘራችን የሻገተ እንጀራ መቃብር ነበር። አይስክሬም የሚገባበት ቦታ ኖሮን አያውቅም።

"እንግዲያ ይሄ መጣል አይደለም" አለች አክስቴ፣ ቀስ ብላ። "መመለስ ነው።"

በማግሥቱ ከቤታችን ጀርባ አንድ ጥቁር የፕላስቲክ በርሜል በጋለ ምስማር በሳስታ አቆመች። የፍሪዘሩን እንጀራ በሙሉ፣ ከነፌስታሉ ልትጨምረው ስትል ደርሼ ፌስታሉን አስጣልኳት። ከዚያ ክረምቱን ሙሉ በረዶ ሆኖ ቆየ። በጾሙ የጎመን ቅጠል፣ የካሮትና የድንች ልጣጭ፣ ምስር የታጠበበት ውኃ ገባበት። ሽሮ የተቀባ እንጀራም ገባበት። "ጨውና ዘይት አይሆንም" ብያት ነበር አንድ ጊዜ። ይህን ያልኳት ከዚያ እሁድ በፊት ነው። ከእሁዱ በኋላ ምንም አልነገርኳትም።

መስኮቴ ላይ፣ በእንቁላል ካርቶን ውስጥ፣ ሃያዎቹ ችግኞች በቀሉ። አጠገባቸው እናትየዋ ነበረች፤ ከመሀረቡ ዘር መጀመሪያ የበቀለችው፣ አራት ዓመት ክረምቱን በእኔ መስኮት የከረመችው። ጠዋት ጠዋት መጋረጃውን ስገልጥ ሽታዋ ፊቴን ይመታኛል። አክስቴ በጣቷ እየዳበሰች "እንዴት አደራችሁ?" ትላቸዋለች። እኔን እንደዚያ ብላኝ አታውቅም።

ሰኔ ላይ ሙቀቱ ገባ፤ ችግኞቹም ጣታቸውን ከካርቶኑ ማውጣት ጀመሩ። አንድ ቅዳሜ ጠዋት አክስቴ በርሜሉን ላስቲክ ላይ ገለበጠችው። ጥቁር ነበር፤ ላዩን ላየው ያምራል። ጭስ ጭስ ይል ነበር።

"ይተነፍሳል!" አለች በደስታ። "እዪው፣ ሕይወት አለው።"

እኔ ያየሁት ሌላ ነው። የሽንኩርት ልጣጩ ገና ሐምራዊ ነበር። አንድ ቁራሽ እንጀራ ዓይኑ ሳይጠፋ ቁጭ ብሏል። ሽታው ዝናብ አይደለም፤ የከረመ አብሲት ነው።

"የሚገዛ አፈር ይፈልግ ይሆን?" አለች እናቴ ከደረጃው፣ ወደ ሥራ ስትወጣ።

"አፈር ይገዛል? ቀጥሎ አየር ሊሸጡልን ነው!" ብላ አባረረቻት አክስቴ።

ከአጥሩ ወዲያ ከእስያ የመጡ፣ ሞንግ የሚባል ሕዝብ ተወላጅ የሆኑ አንዲት አሮጊት ይኖራሉ። በቤታቸው ጎን ያለውን ሁሉ በነጭ ባልዲ ተክለውበታል፤ ቃሪያ፣ ጠጅ ሣር፣ ስሙን የማላውቀው ብዙ ቅጠል። ከአክስቴ ጋር ይዋደዳሉ። እሳቸው በአጥሩ ላይ ቀይ ሽንኩርት ከነቅጠሉ ያቀብሏታል፤ እሷ ደግሞ በዚያ ሚያዝያ ከእናትየዋ ጤና አዳም ሥር ያወጣች ቅርንጫፍ ነቅላ፣ በእርጥብ ሶፍት ጠቅልላ ሰጥታቸዋለች። ግን መነጋገሪያ የላቸውም። አሮጊቷ ጥቂት እንግሊዝኛ አላቸው፤ አክስቴ ከ"ሄሎ" እና ከ"ቴንክዩ" ውጪ ያላት የነርሲንግ ሆሙ "ዌት ፍሎር" ብቻ ነበር። ስለዚህ ሁሉም ነገር በእኔ አፍ ያልፋል። ክሊኒኩም፣ ባንኩም፣ አጥሩም።

ጭሱን አይተው መጡ። ጎንበስ ብለው እጃቸውን እስከ ክርናቸው ብስባሹ ውስጥ ከተቱና ቶሎ አወጡት።

"ኖ፣ ኖ። ሆት። ኖት ሬዲ" አሉኝ። ወደ ክምሩ አንድ ጣት ቀሰሩ፤ ወደ ራሳቸው ግቢ፣ ወደ ተገዛው የአፈር ከረጢት፣ ሦስት ጣት። "ሚክስ። ዌይት። ኦገስት።" ከዚያ ካርቶኑ ውስጥ ያሉትን ችግኞች አይተው ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ። "ቤቢ ዳይ።"

አስተማሪዬ በአንድ ወር ያስተማረችኝን በአስር ቃል ጨረሱት።

"ምን አሉ?" አለች አክስቴ። እጇን በቀሚሷ እየጠረገች ፊቴን ታያለች። ያ ፊት ሌላ ጊዜ ወደ እኔ ሲዞር ሊስቅ ነው የሚዞረው። አሁን ግን የሚያየኝ ለምኖ ነበር፤ በሰው አፍ የሚኖር ሰው እንደሚያይ።

"አፈሩ ሙቀት አለው፣ ጉልበት አለው አሉ" አልኳት። "ምንም ሳትቀላቅይ እንዲሁ እንዳለ ሙዪው። በሦስት ቀን ሥር ይይዛል አሉ።"

ሦስት ጣቶቹ ላይ ስደርስ ራሴ ገረመኝ። ሳላስበው ነው የመጣልኝ፤ ልክ እንደተሰፋ ልብስ ገባ።

አክስቴ ብስባሹን አላየችም፤ እኔን ነው ያየችኝ።

"እሰይ!" አለች። "ስሚ አንቺ፣ ዛሬ አማርኛሽ ጥርት ብሏል። 'አሉ' ብለሽ አንቱታውን ሳይቀር አልሳትሽም።" ግንባሬን ሳመችኝ። ስማኝ አታውቅም ነበር።

ወደ አሮጊቷ ዞራ "ቴንክዩ፣ ቴንክዩ" እያለች እጅ ነሣች። እሳቸው እኔን አዩኝ፤ መልስ ይጠብቃሉ። በእንግሊዝኛ፣ ጨዋ ልጅ ሆኜ፣ "ታመሰግናለች፤ እስከ ኦገስት ትጠብቃለች" አልኳቸው። ፈገግ ብለው ሄዱ። እንዲያ አድርጌ አጥሩን በሁለቱም በኩል ዘጋሁት።

ደስ ብሎኝ ነበር። ይህን ስጽፍ ያልነበረ ጸጸት ልጨምርበት አልፈልግም። በሕይወቴ ለመጀመሪያ ጊዜ አንድ ዓረፍተ ነገር ከአፌ ሙሉ ሆኖ ወጥቶ ዓለም ታዞለት ነበር። አክስቴ ጣሳ በጣሳ ስትሞላ አጠገቧ ተንበርክኬ አገዝኳት። እያንዳንዷን ችግኝ ከካርቶኗ አንስቼ፣ ነጭ ሥሯን ዘርግቼ፣ አፈሩን በአውራ ጣቴ ቀስ አድርጌ ጠቀጠቅኩላት። አፈሩ ገና ከምጣድ የወጣ ዳቦ ያህል ይሞቅ ነበር። በመጨረሻ አክስቴ እናትየዋን አመጣች።

"እሷንም?" አልኩ።

"እሷ ምን በደለች? አዲስ ቤት ይገባታል።"

ዝም አልኩ። እናትየዋም ገባች።

ሃያዎቹን ጣሳዎች ፀሐይ ባለበት በፊት ለፊቱ ደረጃ ላይ በሁለት ረድፍ ደረደረቻቸው፤ ሲባጎውን አምጥታ ለካቻቸው። ልክ ነበሩ።

በሦስተኛው ቀን ጠዋት ከእኔ በፊት ተነሥታ ደረጃው ላይ ቁጭ ብላ አገኘኋት። ሦስት ቀን ስላልኳት ነው። የቅጠሎቹ ጫፍ ቢጫ ሆኗል። "ቦታ ለውጠው ነው፤ ገና ግራ ገብቷቸው ነው" አለችኝ ሳልጠይቃት። በአራተኛው ቀን ጣሳዎቹ መሽተት ጀመሩ፤ ትንንሽ ዝንቦች ወጡ። በአምስተኛው ቀን ግንዳቸው ለሰለሰ። አንዷን ነቅላ ሥሯን አየች፤ ነጩ ቡናማ ሆኖ በጣቷ መካከል ሙልጭ ብሎ ወጣ። በሳምንቱ ከሃያው አንድም አልቀረ። እናትየዋ እስከ አሥረኛው ቀን ታገለች። ከታች ወደ ላይ ነው የሞተችው፤ አናቷ ላይ አንድ አረንጓዴ ቅጠል እስከ መጨረሻው ነበረ።

አክስቴ ያንን ሳምንት አፏ ተዘጋ። ጂንሴን ብለብስ ዝም። ሳህን ባላጥብ ዝም። ድል አድርጌ ነበር ማለት ነው፤ ግን የሚስቅ ሰው ስላልነበረ ብቻዬን ነበርኩ።

ለባለ ሱቁ ልትነግረው ስትሄድ አስተርጓሚ አያስፈልጋትም ነበር፤ ሰውየው አማርኛ ይናገራል። ግን ወገቧ ስላመማት ፌስታሉን እንድይዝላት ወሰደችኝ። አንድ ጣሳ ይዘን ነበር፤ የሞተችውን እናት። ለምን እንደያዘቻት አልገባኝም። ምናልባት እውነት ተክላ እንደነበር እንዲያምናት።

ሰውየው ወደ ፌስታሉ አጮልቆ አየና ለአንድ ደንበኛ "ይቺ ናት እንግዲህ ገበሬዋ" አለው። ደንበኛው ሳቀ። "እትዬ፣ ይሄ እኮ ሞቷል፣ ቅበሪው። እኔ ዘመድ አይደለሁ፣ ለቅሶ አልደርስ።"

"ሌላ ዘር ባገኝ..." አለች አክስቴ።

"መደርደሪያው ላይ የስልክ ሽፋን ላደርግበት ነው። ስልክ አይደርቅም።"

በባቡር ስንመለስ ፌስታሉን ጭኗ ላይ አድርጋ በመስኮት ታይ ነበር። ሳቁን ሰምቼ ነበር፤ ሳሎናችን ውስጥ የሰማሁት ዓይነት ሳቅ ነው። ልክ እንደዚያ ነው የሚሰማት ብዬ አሰብኩ፤ ተመሳሳይ ዋጋ ከፈለች ብዬ አሰብኩ። ግን ሒሳቡ አልገጥም አለኝ። እኔ የቀረብኝ አንድ ገጽ ነው።

የከፋው ከዚያ በኋላ ነው። አክስቴ ምክንያቱን አገኘች፤ እንጀራው።

"እህል ቀብሬ" አለቻት እናቴን። "እግዜር ሲያየኝ፣ እህል ከልጣጭ ጋር አበስብሼ፤ መመለስ ነው እያልኩ ራሴን ሳታልል።"

የንስሐ አባቷ "ይሄ ኃጢአት አይደለም" ቢሏትም አልተቀበለችም። ራሷ ላይ ስግደት ጣለች። ጎህ ሲቀድ፣ በእኔ አልጋና በእሷ አልጋ መካከል ባለችው ስንዝር ቦታ፣ ተነሣ ወደቅ ስትል ጉልበቷ ሲንቋቋ እሰማለሁ። ወገቧ ላይ ስትደርስ ትንፋሿን ትይዛለች። እኔ ዓይኔን ጨፍኜ እቆጥራለሁ። አንድ ቃል ብናገር ይቆም ነበር። ሐምሌን ሙሉ አልተናገርኩም። ፍሪዘሩ ደግሞ እንደገና በሻገተ እንጀራ ተሞላ።

ከዚያ ኦገስት ገባ፤ አሮጊቷም በቃላቸው መጡ።

በአንድ እጃቸው ወንፊት፣ በሌላው የአፈር ከረጢት ይዘው፣ በጓሮ በኩል አጥሩን ዞረው ገቡ። የልጅ ልጃቸው አንድ ነጭ ባልዲ ተሸክሞ ከኋላቸው አስቀመጠና ሄደ። ባልዲው ውስጥ ጤና አዳም ነበር፤ አክስቴ በሶፍት ጠቅልላ የሰጠቻቸው ቅርንጫፍ፣ አሁን ክንድ የሚያህል ቁጥቋጦ፣ ቢጫ አበባ ያወጣ።

"ኦገስት!" አሉ እየሳቁ። "ናው ሬዲ!" እጃቸውን ከጣሳዎቹ ተርፎ ወደ በርሜሉ በተመለሰው ብስባሽ ከተው አወጡና አሸተቱት፤ እንዳሸትተው አፍንጫዬ ሥር አደረጉልኝ። ቀዝቃዛ ነበር። ዝናብ ይሸታል።

ከዚያ ዓይናቸው ግድግዳው ሥር ወደተከመሩት ባዶ ጣሳዎች ሄደ።

"ዌር ቤቢ?"

አክስቴ ወጥ ቤቱ በር ላይ ቆማ ነበር። ባልዲውን አይታ እጇን አፏ ላይ ጭናለች። አሮጊቷ ከእሷ ወደ ጣሳዎቹ፣ ከጣሳዎቹ ወደ እኔ አዩ፤ ቀስ በቀስ ገባቸው። "አይ ቴል" አሉ። "ሆት። ዌይት። አይ ቴል ኸር።" ጣታቸው እኔ ላይ ነበር። አንድ ጣት።

"ምን አሉ?" አለች አክስቴ።

ሁለተኛ ውሸት አፌ ላይ ደርሶልኝ ነበር። 'አዘንኩልሽ አሉ' ማለት እችል ነበር፤ አጭር ነው፣ ያምራልም። ግን አክስቴ ከደረጃው ስትወርድ ቀሚሷን አየሁት። ጉልበቷ ያለበት ቦታ ላይ፣ በሁለቱም በኩል፣ ጨርቁ ሳስቶ ነጥቷል።

"'በሰኔ ነግሬሽ ነበር' አሉ" አልኳት። "'ገና ትኩስ ነው፣ እስከ ኦገስት ቆዪ። አንድ እጅ ከእሱ፣ ሦስት እጅ ከተገዛው አፈር ደባልቂ፤ አለዚያ ችግኞቹ ይሞታሉ' ብለው ነበር። የነገሩት ለእኔ ነው። ሌላ ያልኩሽ እኔ ነኝ።"

አንድም ስሕተት አልነበረበትም።

"ድገሚው" አለች።

ደገምኩት።

ወደ ባዶዎቹ ጣሳዎች ዞረች። "እንግዲያ እንጀራው አይደለም" አለች በመጨረሻ፤ ለእኔ አይደለም የተናገረችው። አማተበች። ወደ አሮጊቷ ሄዳ እጃቸውን በሁለት እጇ ይዛ ሳመች፤ ባልዲውንም ወገቧን ይዛ ራሷ አነሣችው። ላግዛት ስጠጋ በትከሻዋ ገፋ አደረገችኝ።

እንደምትሰድበኝ፣ ለእናቴ እንደምትነግር፣ እሁድ በእንግዳ ፊት እንደምታወጣው ጠበቅኩ። ምንም አልሆነም። እራት ላይ ግን ወደ እኔ ዞራ፣

"ዩ" አለችኝ። "ዋተር። ፕሊዝ።"

"እትዬ! እንግሊዝኛ!" ብላ እናቴ በሳቅ ሞተች። እስካሁን ጨዋታ ይመስላታል። ከዚያ ቀን ወዲህ አክስቴ አንድ የአማርኛ ቃል ለእኔ ተናግራኝ አታውቅም። "ጉድ ሞርኒንግ።" "ሙቭ።" "ቴንክዩ ቬሪ ማች።" ለእናቴ፣ ለእንግዳ፣ ለችግኝ በአማርኛ፤ ወደ እኔ ስትዞር ፊቷ እንደ ቢሮ ይዘጋል። ላይብረሪ የሚሰጥ የእንግሊዝኛ ክላስ ተመዘገበች። ክሊኒክ ብቻዋን ትሄዳለች፤ ያመማትን ወረቀት ላይ ጽፋ። መስከረም ላይ ወገቧን በቀበቶ አስራ ወደ ጽዳት ሥራ ተመለሰች። ሹራቡ አሁንም ቁም ሣጥኔ ውስጥ ተሰቅሏል፤ ሲባጎው የት እንደደረሰ አላውቅም። ባልዲው መስኮቴ ላይ ነው። የሻገተ እንጀራ እንደገና በርሜሉ ውስጥ ሲገባ አይቻለሁ፤ ሽሮ ያልነካው።

ባለፈው ወር ሦስት ገጽ ጻፍኩላት። ስለ ሦስቱ ጣት፣ ስለ ባቡሩ፣ ጎህ ሲቀድ ስለቆጠርኩት። እዚህ ቤት አማርኛ አስተካክሎ የሚያነብ ሌላ ሰው የለም። ትራሷ ላይ አስቀመጥኩት።

በማግሥቱ የልጣጭ ማጠራቀሚያው ባልዲ ውስጥ አገኘሁት። ሦስቱም ገጽ በሁለት ጣት ስፋት፣ ቀጥ ባለ መስመር ተቀዷል፤ አስተማሪዬ እንዳሳየችን፣ እኔ ራሴ አክስቴን እንዳሳየኋት። ደረቅ ንብርብር። የሽንኩርት ልጣጩን ገፋ አድርጌ ቁርጥራጮቹን ጠረጴዛው ላይ ዘረጋኋቸው። እርሳስ ነክቷቸዋል። እዚህ አንድ ፊደል ተከቧል፣ እዚያ አንድ ቃል ተሰርዞ በላዩ ሌላ ተጽፏል፤ እስከ መጨረሻው ገጽ፣ እስከ መጨረሻው መስመር። አርማዋለች! መጀመሪያ ያንን የእጇን ገጽ እንኳ አላረመችልኝም ነበር።

በሩ ሲከፈት ቀና አልኩ። የሥራ ልብሷን እንደለበሰች ቆማ ቁርጥራጮቹን አየች፤ እኔን አየችኝ።

"ፑት ባክ" አለችኝ። "ኢት ኢዝ ፎር ዘ ፕላንት።"

መለስኩት። ልጣጩን በላዩ አልብሼ ወደ በርሜሉ ወስጄ ደፋሁት፤ ገና አልቀዘቀዘም ነበር፣ ስኖውን አቅልጦ ዙሪያውን ጥቁር መሬት አውጥቷል። ይቺን ጽሑፍ ደግሞ ስጨርስ ወጥ ቤቱ ጠረጴዛ ላይ እተዋታለሁ። ሰሞኑን በርሜሉ እርጥቡ በዝቶበታል፤ ደረቅ ይፈልጋል።